ለዓሣው ማን ይቁም?

ሐኪሜ «ቀይ ሥጋ ቀንስ» ካለኝ ሳምንት ሳይሞላ ለሥራ ወላይታ ሶዶ ሄድኩ። ሰውየው ምን ያህል እንደጨከነብኝ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው። ሶዶ ሄዶ ጥሬ ሥጋ ሳይቀምሱ መመለስ፣ ጎንደር ሄዶ የፋሲልን ግንብ ሳያዩ እንደመመለስ ነው። ያም ሆኖ ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ጠየቅሁ።

«ዓሣ አለ?»

«የለም ጋሼ። ጥሬ አለ፣ ጥብስ አለ፣ ክትፎ አለ።»

«አባያ ሐይቅ እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር አይደለም እንዴ?»

አስተናጋጁ ሳቅ አለ። «እሱማ ነው። ዓሣው ግን ለአዲስ አበባ ሰው ነው።»

ክትፎውን አዘዝኩ፤ ሐኪሜ ይቅር ይበለኝ። የልጁ መልስ ግን ከክትፎው በላይ ሆዴ ውስጥ ቆየ። ሐይቁ ደጃፍ ላይ፣ ዓሣው ሌላ ሰው ገበታ ላይ! ታዲያ ይህ ሐይቅ ነገ ቢታመም «ሐይቄ!» ብሎ የሚጮህለት ማነው?

በማግስቱ ከአንድ መምህር ወዳጄ ጋር ወደ ሁምቦ ቆላ ወርደን ውኃው ዳር ቆምን። ወዳጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንግና መንጠቆውን ይዞ እዚያ የሚውል ሰው ነው። ጎረቤቶቹ «ሥራ ፈት» ይሉታል። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእነሱ ብዙም አልራቅሁም።

«ለመሆኑ በቀን ስንት ትይዛለህ?» አልኩት።

«አንዳንዴ አንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ግን የውኃው ቀለም ሲለወጥ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። አረሙ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደምናገር ነው ያጣሁት።»

እናላችሁ፣ የዛሬው ወግ የዚህ ሰው ጥያቄ ነው። ለማን ይናገር?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አባያ በስፋቱ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ሁለተኛ ሐይቅ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ደግሞ ትልቁ ነው። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ሐይቁ ብዙ ጌታ እንጂ ብዙ ጠበቃ አግኝቶ አያውቅም።

የጥንት ወዳጆቹ የግዲቾ ደሴት ሰዎች ናቸው። በደሴቲቱ ላይ ባይሶና ሃሮ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ጎን ለጎን ኖረዋል። ባይሶዎቹ በእርሻና በሽመና፣ ሃሮዎቹ በዓሣና በጉማሬ አደን የታወቁ ነበሩ። ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቀው ውኃው ላይ የሚያድረው ሰው እንደሆነ ግልጽ ነው። ይሁንና በአገራችን ከውኃ የሚኖር ሰው ቃሉ የሚደመጥለት ሰው አልነበረም። የጣናዎቹ ወይጦዎች ጉማሬ በላችሁ ተብለው ምን ያህል ሲናቁ እንደኖሩ እናውቃለን። ገበሬው መሬት ስለነበረው ባላባትም፣ ዳኛም፣ ተሟጋችም ነበረው። የውኃ ሰው ግን ውኃውን ብቻ ይዞ ቀረ።

በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር የወላይታውን ንጉሥ ካዎ ጦናን ድል አድርጎ አገሩን ያዘ። ከዘመቻው ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ከዚያ ዘመቻ የሚወራልን ስለ አለቀው ሰውና ስለ ተነዳው ከብት ነው። እንዲያ ባለ ጊዜ ስለ ሐይቅ ማን ያስባል? ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ መጣና እ.ኤ.አ. በ1896 ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰየመው። ብዙ ካርታዎችም ይህንኑ ስም ለረጅም ዘመን ተሸክመው ኖሩ። እንግዲህ አንዱ በጦር ይወስዳል፣ ሌላው በስም ይወስዳል። ዓሣው ግን ስሙ ማርጋሪታ ሆነ አባያ ምን ገዶት!

ከዚያ የልማት ዘመን መጣ። በ1962 ዓ.ም. ዋዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር ተቋቋመ። ደጋው በሕዝብ ተጨናንቆ ስለነበር ከሥራዎቹ አንዱ ደገኛውን ወደ አበላና ወደ ሌሎቹ ቆላዎች አውርዶ ማስፈር ነበር። ለብዙ ቤተሰብ መሬት አስገኝቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዕቅዱ ግን የእርሻ ዕቅድ ነበር። ከሐይቁ ዳር የሰፈረው ሰው ፊቱን ወደ ማሳው፣ ጀርባውን ወደ ውኃው ሰጥቶ ተቀመጠ።

ቀጥሎ የናይሎን መረብ ዘመን ሆነ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት የዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅት ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ድረስ ዓሣ ያቀርብ ጀመር፤ አጥማጆችም በማኅበር ተደራጁ። ከኋላ ደግሞ ከማኅበሩ ውጭ ያለው በረከተ። የመረቡ ዓይን እየጠበበ ሲሄድ ገና ያልወለደው ዓሣ ከእናቱ ጋር ተለቅሞ ወጣ። የአባያ ጎረቤት ጫሞ በናይል ፐርቹ ስንቱን ያስደነቀ ሐይቅ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች ስለ ጫሞ ሲጽፉ ዋናው ርዕሳቸው የዓሣው መመናመን ሆኗል።

ሕግ የለም እንዳትሉ፣ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሀብቱ ከልክ በላይ እንዳይጠመድ መከላከል ከዓላማዎቹ አንዱ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ወረቀት ብቻውን ውኃ ዳር አይቆምም። ሕግ የሚሠራው ሲጣስ የሚያመው ሰው ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ ባለመንጠቆው ወዳጄ ትዝ ይበላችሁ። ባለመረቡ ዓሣውን የሚፈልገው ሚዛን ላይ ነው፤ እንጀራው ነውና አይፈረድበትም። ባለመንጠቆው ግን ዓሣው ውኃው ውስጥ በሕይወት እንዲኖርለት ይፈልጋል። ዛሬ ባይዝ ቅዳሜ ይመለሳልና። ዓለም ይህን የ«ሥራ ፈት» ፍቅር እንዴት ወደ ጉልበት እንደለወጠው ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ከእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ጆን ኢስትውድ የሚባል የሕግ ሰው ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎችን አሰባስቦ ወንዝ የሚበክሉትን በፍርድ ቤት የሚከስ ማኅበር አቋቋመ። የደርቢ ከተማ ባለመንጠቆዎች በዚህ ማኅበር እየተደገፉ ሦስት ግዙፎችን ከሰሱ፦ ሰው ሠራሽ ሐር የሚያመርተውን ብሪቲሽ ሴላኒዝ ፋብሪካ፣ ፍሳሹን ወደ ደርወንት ወንዝ የሚለቀውን የከተማውን ማዘጋጃ ቤት፣ ሙቅ ውኃ የሚደፋውን የመብራት ኃይል ባለሥልጣን። አስቡት! ቅዳሜ ቅዳሜ ትል ይዘው የሚወጡ ሰዎች መብራት ኃይልን ሲከሱ! እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈረደላቸው፤ በኋላም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናላቸው። ያሸነፉት ባለሥልጣን ዘመድ ስለነበራቸው አይደለም። በየቦታው ያሉ ባለመንጠቆዎች ትንሽ ትንሽ እያዋጡ የጠበቃ ገንዘብ ስላጠራቀሙ ነው።

ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው፤ ይኼኛው ነጋዴውን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ዲንጌል ጆንሰን የሚባል ሕግ ወጣ። በዘንግ፣ በመጠቅለያና በሰው ሠራሽ ማጥመጃ ላይ የሚከፈለው የ10 በመቶ ቀረጥ ሌላ ቦታ መዋሉ ቀርቶ ለዓሣ ሀብት ሥራ ተመልሶ ለየክፍለ ግዛቱ እንዲሰጥ ደነገገ። ክፍለ ግዛቱም ድርሻውን ለማግኘት ከማጥመጃ ፈቃድ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ማዋል አይችልም። የነገሩ ብልኃት ገባችሁ? መንጠቆ ሻጩ ሲሸጥ ሐይቁ ያገኛል፤ ሐይቁ ሲያገኝ ዓሣው ይበዛል፤ ዓሣው ሲበዛ መንጠቆ ሻጩ ይሸጣል። ማንም ለጽድቅ ብሎ አልሰጠም። ሁሉም ለራሱ ሲል ለሐይቁ ቆመ።

«ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ወላይታ ሕዝብ የተጨናነቀበት፣ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ አገር ለአገር የሚዞርበት ምድር ነው። በባዶ ሆድ ስለ መዝናኛ ማውራት ያስቀይማል። እውነት አለው። የእኛም ታሪክ ይህን ጥርጣሬ የሚደግፍ ምዕራፍ አለው። በ1960ዎቹ አካባቢ ትራውት የተባለ ዓሣ ለመዝናኛ አጥማጆች ተብሎ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ዓሣው ተዋለደ፤ ልማዱ ግን ከጥቂት ሰዎች አላለፈም። ከዚያ የሚብሰው እዚሁ አባያ ዳር የሆነው ነው። በአባያና በጫሞ መካከል ያለው የነጭ ሳር ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የኮሬና የጉጂ ሰዎች ከፓርኩ እንዲወጡ ተደረገ፤ የጉጂዎች ቤት ተቃጠለ። ከዚያ ፓርኩን የተረከበው የውጭ ድርጅት የሰዉ ጉዳይ ሳይፈታ በ2000 ዓ.ም. ለቅቆ ሄደ። ሰውን ገፍቶ አውሬ ማዳን እንደማይቻል ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም። ተፈጥሮ የሰዉን ወዳጅነት ካጣ አጥር አያድነውም።

ግን ደግሞ እዚያው ሐይቅ አጠገብ፣ በወላይታ በኩል፣ ተቃራኒው ታሪክ አለ። የሁምቦ ተራራ በማገዶ፣ በከሰልና በግጦሽ ተራቁቶ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈሩ ወደ ቆላ የሚንደረደር ነበር። ወርልድ ቪዥን ተራራውን እንከልል ብሎ ሲመጣ ገበሬው መጀመሪያ የጠየቀው «መሬታችንን ልትወስዱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሆነ። 2,728 ሄክታሩ በእነሱ እጅ ተጠበቀ። ደኑ በአብዛኛው የተመለሰው ችግኝ ተተክሎ ሳይሆን የቆረጡት ጉቶ እንዲያንሰራራ ተትቶ ነው። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መዝገብ ገባ፤ የዓለም ባንክም 165,000 ቶን ካርቦን ሊገዛ ተዋዋለ። ከገንዘቡ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ተሠራ። ቆሞ ያለ ዛፍ ከተቆረጠው የበለጠ ዋጋ እንዳለው ወላይታ በወፍጮ ቤት አይቶታል። እንግዲህ ዛፉ ላይ የገባን ነገር ዓሣው ላይ የማይገባን ለምንድነው? አባያን ቀይ ቡኒ ያደረገው ደለል እኮ ከእነዚሁ ተራራዎች የሚወርድ ነው። ሁምቦን የጠበቀ ሳያውቀው የዓሣ ጠበቃ ሆኗል።

ታዲያ የሶዶ ነጋዴ ምን ያገባዋል? የሆቴል ባለቤቱን እንውሰድ። እንግዳ ወደ አርባ ምንጭ ሲያልፍ ሶዶ ላይ ምሳ በልቶ ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ ዘንግ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ያድራል፣ ጀልባ ይከራያል፣ መንገድ መሪ ይቀጥራል። መንገድ መሪ ደግሞ የግድ ነው፤ አባያ ላይ አዞ አለና እዚያ ዘንግ ይዞ ዳር መቆም ቀልድ አይደለም። ውኃውን ከትናንቱ አጥማጅ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? በመረብ የሚኖረው ወጣት በከፊልም ቢሆን በጀልባው እንዲኖር በር የሚከፈተው እዚህ ጋ ነው። በምዕራብ በኩልም ሌላ ውኃ ተፈጥሯል። ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በወላይታና በዳውሮ መካከል ረጅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቶ ነበር፤ በዳውሮ በኩል የሃላላ ኬላ ሪዞርት በ2015 ዓ.ም. ተከፍቷል። እንግዳው መምጣቱ ካልቀረ፣ ዓሣው ሳያልቅ ደንብ ማበጀት የሚሻለው አሁን ነው።

ዘመቻ ብቻውን እንደማይበቃም አይተናል። በ2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው እምቦጭ ሲነቅሉ አገር በእንባ ተቀብሏቸዋል። የሕዝብ ፍቅር አለ ማለት ነው። ግን እምቦጭ ካሜራው ሲሄድ አብሮ አይሄድም፤ ዛሬ አባያም ላይ ደርሷል። ዘመቻ ያልፋል፣ ማኅበር ይቆያል።

ማኅበር ማቆም ደግሞ ለወላይታ ማንም የሚያስተምረው ጉዳይ አይደለም። በልማት ማኅበሩ ሊቃ ትምህርት ቤትን ያቆመ ሕዝብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ዲቻ በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰናብት ደጋፊው ከክለቡ እኩል እንደተጫወተ ያየን እናውቃለን። ስለ ጊፋታም አስቡ። ወንዶቹ ለሠንጋው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ቅቤውን በየተራ ያቋጥራሉ። በዓሉ ሲመጣ ማንም አይደነግጥም። የሩቅ ነገርን በጥቂት በጥቂቱ ማዘጋጀት እዚያ ባህል ነው።

ከእንግሊዞቹ ያየነው ምስጢርም ይኸው ነው፤ ትንሽ መዋጮ፣ ረጅም ትዕግሥት። ባለመረቡ፣ ባለመንጠቆው፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ከዩኒቨርሲቲው አንድ የዓሣ ባለሙያ፣ ከቀበሌው አንድ ሽማግሌ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሐይቁ ጠበቃ አገኘ ማለት ነው። ባለመረቡ ከጠረጴዛው ከቀረ ግን ነጭ ሳርን መድገም ይሆናል።

ከሶዶ ስመለስ መምህሩን ለስንብት ደወልኩለት። «ዛሬስ ያዝክ?» አልኩት።

«አንድ ትንሽ ቆሮሶ ይዤ መልሼ ለቀቅኳት» አለኝ። «አንድ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ‹ጋሼ፣ ለምን ለቀቋት?› አለኝ። ‹ስታድግ አንተ እንድትይዛት› አልኩት።»

ልጁ ስቆ፣ መንጠቆውን አንዴ እንዲይዝለት ለመነው አሉ። የመጀመሪያው አባል ተመዘገበ ማለት አይደል?