የባለቤቱ እጅና የጋራዡ እጅ፦ የስፖርት መኪና ጥገና ታሪክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ በተናጋሪው የታረመ)



የታሪክ ትምህርት ክፍል ስለ መኪና ጥገና ምን አገባው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚኖር እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ሰው የገዛውን መኪና ራሱ ፈትቶ ይጠግን ወይስ ለጋራዥ ከፍሎ ያሠራ የሚለው ውሳኔ ላይ ላዩን ሲታይ የግል ቁጠባ ጉዳይ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን የግብር ሕግን፣ የፋብሪካ ንድፍን፣ የዕውቀትን ስርጭትና የባለቤትነትን ትርጉም በውስጡ ይዞ እናገኘዋለን። የዛሬው ክርክሬም ይኸው ነው፦ ባለቤቱ የብረት ቁልፍ ያነሣው ወይም ያስቀመጠው በትጋቱ ወይም በስንፍናው ብቻ አልነበረም፤ ምርጫው አስቀድሞ ሌሎች ባዘጋጁት ሜዳ ላይ የተደረገ ነበር።

ለማስረጃነት የመረጥኋት አገር ብሪታንያ ናት። ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ብሪታንያ ከጦርነቱ በኋላ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ሊገዛቸው የሚችሉ የስፖርት መኪናዎችን በብዛት ሠርታ ለዓለም ገበያ አቀረበች። በአቢንግደን ከተማ የነበረው የኤም ጂ ፋብሪካ ከ1945 እስከ 1949 ቲ ሲ የተባለውን ሞዴል አሥር ሺሕ ያህል ሠራ። ከ1962 እስከ 1980 የተመረተው ኤም ጂ ቢ ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ1958 የቀረበው ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት 948 ሲሲ ሞተር ያለው፣ እጅግ ቀላልና ርካሽ መኪና ነበር።

ስለ ስፕራይት አንድ የንድፍ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የፊት አካሉ፣ ኮፈኑም መከላከያውም አንድ ላይ፣ ከኋላ በማጠፊያ ተይዞ ወደ ላይ ይነሣ ነበር። ሲነሣ ሞተሩ ከነጎማዎቹ ወለል ብሎ ይታያል። ሥራውም ብዙ ነበር። የእሳት ማከፋፈያው መገናኛ ነጥቦች ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ይስተካከላል፤ ካንዴላ ይጸዳል፤ የፊት እግሮቹ መዞሪያ ግራሶ ይጠጣል፤ ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አየር እንዲስቡ ይደረጋል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ ብዙዎች የሚሠሩት በጎማ ቱቦ ነበር፤ አንዱን ጫፍ ከጆሮ፣ ሌላውን ከካርቡራተሩ አፍ አስጠግተው የአየሩን ፉጨት እያነጻጸሩ ያስተካክላሉ። ጋራዡ ከዚህ የተለየ ብዙ መሣሪያ አልነበረውም፤ ያው ቁልፍ፣ ያው ካቻቢቴ፣ ያው ጆሮ ነበር። ስለዚህ በባለቤቱና በመካኒኩ መካከል የነበረው ልዩነት በዋናነት የልምድና የጊዜ ልዩነት ነበር። ወጣቱ ገዥ ገንዘብ አልነበረውም፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ነበሩት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር፤ እርሱም ሕግ ነው። ብሪታንያ በ1940 የግዥ ግብር የሚባል ቀረጥ ደነገገች። ግብሩ የሚጣለው ተሠርቶ ባለቀ መኪና ላይ እንጂ ለየብቻ በተሸጡ ክፍሎች ላይ አልነበረም። በኮሊን ቻፕማን የተመሠረተው ሎተስ ከ1957 ጀምሮ ሴቨን የተባለውን መኪና በክፍል በክፍል ሲሸጥ፣ ገዥው በግቢው ውስጥ ራሱ ገጣጥሞ ከግብሩ ይድን ነበር። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል፣ ድርጅቱ የመፍቻ መመሪያ አትሞ ደንበኛው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲያነበው አደረገ ተብሎ ይተረካል። ትረካው እውነትም ይሁን ጨዋታ፣ የሚያመለክተው ነገር ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱን ቡሎን በገዛ እጁ ያሠረ ሰው ጋራዥ ደጅ የሚቆምበት ምክንያት ጥቂት ነው። በሚያዝያ 1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ የግዥ ግብርን ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ። በዚያው ዓመት የሴቨን የማምረት መብት ኬተርሃም ወደ ተባለ ድርጅት ተላለፈ። እንግዲህ ጠጋኙ ባለቤት በከፊል የግብር ሕግ ልጅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፍ ዕውቀት ነው። የፋብሪካ የጥገና መጽሐፍ በዋናነት የሚጻፈው ለሙያተኛው ነበር፤ ብዙ ነገር እንደሚያውቅ አድርጎ ስለሚቆጥረው ብዙ ነገር ይዘልላል። ይህን ክፍተት የሞላው ጆን ሄይንስ ነው። ገና ተማሪ ሳለ አሮጌ ኦስቲን ሴቨንን ወደ ስፖርት መኪና ለውጦ፣ አሠራሩን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ የብሪታንያ አየር ኃይል መኮንን ሆኖ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በኤደን ሲያገለግል አንድ ባልደረባው ያረጀ ስፕራይት ገዛ። ሞተሩን አብረው ሲፈቱና ሲገጥሙ ሄይንስ እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶግራፍ መዘገበ። ከዚህ ሥራ በመነሣት በ1966 የታተመው የመጀመሪያው የባለቤቶች የጥገና መጽሐፍ 3,000 ቅጂው በሦስት ወር ውስጥ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የድርጅቱ መለያ ዘዴ አንድ ነበር፤ መኪናውን ገዝቶ ፈጽሞ መፍታት፣ መዝግቦ መልሶ መግጠም። መጽሐፉ ለባለቤቱ የሚለው ይህን ነበር፦ እኛ አድርገነዋል፣ አንተም ትችላለህ።

እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ባነሣ ትታገሡኛላችሁ። ለዶክትሬት ትምህርት እንግሊዝ አገር ሳለሁ ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር ተካፍለን ያረጀ ኤም ጂ ቢ ገዛን። አንድ ጋራዥ ለሙሉ ሰርቪስ የጠየቀን ዋጋ መኪናውን ከገዛንበት ሲሶ ይሆናል። መጽሐፍ ገዝተን ራሳችን ጀመርን። ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ ቺንጊያውን ቀየርን፤ መኪናዋ አማረባት፤ እኛም ኮራን። ከዚያ ፍሬኑን ነካን። ከመስመሩ ውስጥ አየሩን በሚገባ ሳናስወጣ ቁልቁለት ወረድን፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ያቆመን በሽቦ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ነበር። በማግሥቱ ወደዚያው ሰፈር አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን፤ በግማሽ ሰዓት ጨረሰው። ሲጨርስም የነገረን አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ትክክል እንደ ሆነ፣ እኛ ግን አንድ ገጽ ዘልለን እንዳነበብነው።

ይህን የምነግራችሁ ለማሣቅ አይደለም። ራስን በራስ የመጠገን ነጻነትን ስናወድስ፣ ያ ቁልቁለት ላይ ሌላ እግረኛ ሊኖር ይችል እንደ ነበር መርሳት የለብንም። የብሪታንያ መንግሥትም ይህን ተገንዝቦ በ1960 አሥር ዓመት የሞላቸው መኪናዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ አዘዘ፤ በ1967 ገደቡ ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አለ። መንግሥት መኪናውን ማን ጠገነው ብሎ አልጠየቀም፤ ፍሬኑ ይይዛልን ብሎ ጠየቀ። ይህ በእኔ አስተያየት ብልህ መፍትሔ ነው፤ የባለቤቱን መብት ሳይነጥቅ የሌላውን ሕይወት ይጠብቃል።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ የበሩ መዘጋት ነው። በሩን መጀመሪያ የዘጋው ንድፍ ነበር። ከ1994 እስከ 1999 የተሠራውን ፌራሪ ኤፍ 355 እንውሰድ። በተወሰነ ጊዜ መለወጥ ያለበትን የሞተር ቺንጊያ ለመቀየር መደበኛው አሠራር ሞተሩን ከመኪናው ማውረድ ነው። ከስፕራይቱ ክፍት አካል ጋር ብታነጻጽሩት ርቀቱ ይታያችኋል። ቀጥሎ ኤሌክትሮኒክስ መጣ። አሜሪካ የአየር ብክለትን ለመቆጣጠር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በመኪኖች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት የምርመራ መሰኪያ እንዲኖር አስገደደች። ይህ ለባለቤቱ መልካም ነበር፤ በርካሽ ማንበቢያ ስሕተቱን ማወቅ ቻለ። ነገር ግን ከመሰኪያው ጀርባ ያለው ሶፍትዌር በአምራቹ እጅ ቀረ። ስለዚህም በ2012 የማሳቹሴትስ መራጮች አምራቾች የጥገና መረጃን ለባለቤቶችና ለነጻ ጋራዦች እንዲያካፍሉ የሚያስገድደውን ሕግ በከፍተኛ ድምፅ አጸደቁ። ልብ በሉ፤ በዚህ ክርክር ባለቤቱና የሰፈሩ ጋራዥ በአንድ ወገን ቆመዋል። ቀድሞ ተፎካካሪዎች የነበሩት ሁለት እጆች አሁን ከአንድ የተቆለፈ በር ፊት ናቸው። ጆን ሄይንስ በ2019 አረፈ፤ በ2020 ድርጅቱ ለአዳዲስ ሞዴሎች በወረቀት የሚታተም የጥገና መጽሐፍ ማዘጋጀቱን እንደሚያቆም አስታወቀ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይላል? በአገራችን መኪናውን በመጽሐፍ እየተመራ የሚጠግን ባለቤት ብዙ አልነበረም። በቋንቋችን የተጻፈ መጽሐፍ ማጣታችን አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። ዕውቀቱ የኖረው በጋራዥ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የሚሉት ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ከመምህር ወደ ተለማማጅ በቃል፣ ዕቃ በማቀበል ተላልፈው እዚህ ደረሱ። ይህ ዕውቀት መዝገብ የለውም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ስትከለክል፣ ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ሥራ የሚያጡበት ዘመን ቀረበ። ካርቡራተር በጆሮ የሚያስተካክሉ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ የመመረቂያ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ቤተ መዛግብት ብቻ አትሂዱ። ድምፅ መቅጃችሁን ይዛችሁ ወደ ጋራዥ ሂዱ፤ ሥራውን ከማን እንደ ተማሩ፣ መጀመሪያ የፈቱት ሞተር የትኛው እንደ ሆነ ጠይቁ። ሄይንስ ታሪክ የሠራው ሞተር በመፍታቱ ብቻ አይደለም፤ እየፈታ በመመዝገቡ ነው። እኛ መፍታቱን የሚያውቁ ሰዎች አሉን፤ የጎደለን መዝጋቢ ነው።