ናይትሜርና ዱካክ

«ናይትሜር» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ ማንኛውንም አስፈሪ ሕልም፣ አልፎ ተርፎም የቢሮ ውጣ ውረድን ሳይቀር ይገልጻል። በአማርኛ ዘወትር «ቅዠት» ተብሎ ይተረጎማል። የዘር ሐረጉ ሲመረመር ግን ጥንታዊ ፍቺው ከቅዠት ይልቅ «ዱካክ» ለሚለው ቃል እንደሚቀርብ ይታያል።

የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ሌሊት ማለት ነው። ሁለተኛውን ክፍል «ሜር»ን ብዙዎች ባዝራ ማለት ይመስላቸዋል፤ ሁለቱ ቃላት ግን በድምፅ ይመሳሰሉ እንጂ በዘር አይገናኙም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ የተኛን ሰው የሚጫንና ትንፋሽ የሚያሳጥር ርኩስ መንፈስ ስም ነበር። ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ናይትሜርን የፈታው ደረትን በሸክም እንደመጫን ያለ የሌሊት ሕመም አድርጎ ነው። ሄንሪ ፉስሊ እ.ኤ.አ. በ1782 ለንደን ላይ ለሕዝብ ባሳየው ሥዕል መንፈሱ በተኛች ሴት ላይ ተቀምጦ፣ የፈረስ ራስም ከመጋረጃ መካከል ብቅ ብሎ ይታያል።

በጁባ የሚነገረው ዐረብኛም «ካቡስ» የሚለውን ቃል ያገኘው መጫንን ከሚያመለክት ሥር ነው። እንግሊዝኛው ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ይህን ክብደት እየጣለ የክፉ ሕልም ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። አማርኛ ግን ሁለቱን ለይቶ አቆይቷል፤ በእንቅልፉ የሚለፈልፍና የሚወራጭ ሰው ይቃዣል፣ ነቅቶ መንቀሳቀስ የተሳነው ግን «ዱካክ ተጫነኝ» ይላል። የሕክምና ሳይንስ ይህን ሁኔታ የሚያስረዳው በሕልም ጊዜ የሚዝሉት ጡንቻዎች አእምሮ ከነቃ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሳይታዘዙ በመቆየታቸው ነው።

ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የደቡብ ሱዳን የሕግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች 41 ከመቶ ያህሉ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ሕመም ምልክቶች ታይተውባቸዋል። ያለፈውን ሰቆቃ በሌሊት የሚመልስ ሕልም ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ጁባ ውስጥ እንደገና ውጊያ ሲቀሰቀስ ሸክሙ ይበልጥ ከበደ። በሐኪምና በታማሚ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ዱካኩንም ቅዠቱንም በአንድ «ናይትሜር» ቢጠቀልላቸው፣ ሐኪሙ የሰውነትን መዛል ከጦርነት ትዝታ የሚለይበትን ፍንጭ ያጣል። እንግሊዝኛው የዘነጋውን ሸክም አማርኛ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራዋል፤ አስተርጓሚውም ስሙን ሳይለውጥ ማድረስ ይጠበቅበታል።