ሳጥኑን ማን ሰጠ፣ ሒሳቡን ማን ከፈለ

በሐምሌ 1940 (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ እጅ ከሰጠች ወር ሳይሞላ ሎንደን ላይ ባለሥልጣናቱን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ነበር፤ የእንግሊዝን የጦር መሣሪያ ምሥጢር ለአሜሪካ በነፃ እንስጥ ወይስ ዋጋ እንጠይቅበት? ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል አመነቱ። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም፤ በምላሹ የሚገኘው ሳይታወቅ ምሥጢር አሳልፎ መስጠት ምን የሚሉት ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። የኢምፔሪያል ኮሌጅ ኃላፊ የነበሩት ኬሚስት ሰር ሄንሪ ቲዛርድ ግን በሐሳባቸው ጸኑ። መጀመሪያ እንስጥ፤ መደራደሩ ይቆየን አሉ።

ቲዛርድ ይህን ያሉት ከቸርነት ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥይትና አውሮፕላን በማምረት ተወጥረዋል፤ የአገሪቱ የዶላር ካዝና እየተራቆተ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ድንቅ ነገር ተሠርቶ ነበር፤ እሱን በሺህ በሺህ አባዝቶ ጦር ሜዳ የሚያደርስ ገንዘብና ፋብሪካ ግን ያለው ከአትላንቲክ ማዶ ነው። በመጨረሻ የቲዛርድ ሐሳብ አሸነፈ። እሳቸው በነሐሴ አጋማሽ ቀድመው በአውሮፕላን ሄዱ፤ ምሥጢሩ በመርከብ ተከተለ።

ምሥጢሩን ለማጓጓዝ የተገዛው ጠበቆች ሰነድ የሚያስቀምጡበት ዓይነት ጥቁር የቆርቆሮ ሳጥን ነው። የጄት ሞተር ሰነድ፣ ዒላማው አጠገብ ሲደርስ በራሱ ጊዜ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ንድፍና ሌላም ብዙ ወረቀት ታጨቀበት። ከሁሉም የከበደው ምሥጢር ግን መዳፍ ላይ የሚያርፍ የመዳብ ቁራጭ ነበር፤ ማግኔትሮን ይባላል። ኤድዋርድ ቦወን የተባለው የ29 ዓመት የራዳር ባለሙያ ሳጥኑን ተረክቦ ሎንደን ኩምበርላንድ ሆቴል አደረ። የሆቴሉ ካዝና ስላልበቃው አልጋው ሥር አስገብቶት ተኛ። ጧት ታክሲ ሲይዝ ሾፌሩ ይህን ሣንዱቅ ውስጥ አላስገባም ብሎ ጣሪያው ላይ ጫነው። ዩስተን ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ኩሊ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሕዝቡን እየሰነጠቀ ገሰገሰ፤ ቦወን ከኋላ እየሮጠ ዓይኑን ከሳጥኑ ላለመንቀል ሲታገል የሊቨርፑሉ ባቡር ዘንድ ደረሰ። የአንድ መንግሥት ታላቅ ምሥጢር ሕይወት ምንም በማያውቅ ኩሊ ጫንቃ ላይ ነበረች። ዳችስ ኦፍ ሪችመንድ የተባለችው መርከብ ነሐሴ መጨረሻ ተነሥታ መስከረም 6 ቀን ሃሊፋክስ፣ ካናዳ ገባች።

ራዳር ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ያነባል። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር አንቴናው ያንሳል፣ የሚታየውም ነገር ይጠራል። በእንግሊዝ ጠረፍ የተተከለው የመጀመሪያው ራዳር ሞገዱ ረጅም ስለነበር ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው የብረት ማማዎች ፈልጓል፤ አውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ራዳር ለመሥራት ሞገዱን ወደ 10 ሴንቲሜትር ማውረድ ግድ ነበር። ችግሩ በዚያ ርዝመት ኃይል ያለው ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። በየካቲት 1940 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት ያንን መሣሪያ ሠሩት። ዌምብሌይ የሚገኘው የጄነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ላቦራቶሪ አሻሻለው። በግንቦት መጀመሪያ፣ ጀርመን ፈረንሳይን ከመውረሯ ከቀናት በፊት፣ ሞሪስ ፖንት የተባሉ ፈረንሳዊ ከፓሪስ ይዘውት የመጡት የካቶድ አሠራርም ብርታት ጨመረለት። የማግኔትሮኑ ታሪክ ገና ከመነሻው የአንድ አገር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ቦወንና የኒውክለር ሊቁ ጆን ኮክሮፍት ኒውዮርክ አቅራቢያ ቱክሲዶ ፓርክ ወደሚገኘው የአልፍሬድ ሉሚስ መኖሪያ ሄዱ። ሉሚስ በዎል ስትሪት የከበሩ፣ ገንዘባቸውን በግል ላቦራቶሪያቸው ላይ የሚያፈሱ ሰው ናቸው። አሜሪካኖቹ ያኔ በ10 ሴንቲሜትር ሞገድ ያገኙት የነበረው ኃይል በጣት የሚቆጠር ዋት ነው፤ እንግዶቹ ያወጡት የመዳብ ቁራጭ ወደ 10 ኪሎ ዋት ይሰጣል።

ከዚያ የመጣው ችግር የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነበር። ጥቅምት 6 ቀን ማግኔትሮኑ ኒውጀርሲ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ተፈትኖ ተአምር ሠራ። አሜሪካኖቹ ቅጂውን ለመሥራት በራጅ ሲያነሡት ግን ውስጡ 8 ቀዳዳ ተገኘ፤ የእንግሊዞቹ ንድፍ የሚያሳየው 6 ነው። ቦወን ተጠርቶ ሲጠየቅ የሚመልሰው ጠፋው። ወደ ዌምብሌይ ተደውሎ ነገሩ ተጣራ። ለሙከራ ከተሠሩት 12 ማግኔትሮኖች የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ባለ 6፣ አሥራ አንደኛው ባለ 7፣ አሥራ ሁለተኛው ባለ 8 ቀዳዳ ሲሆኑ ባሕር የተሻገረው አሥራ ሁለተኛው ነበር። ቤል በራጅ የታየውን እንዳለ ቀዳው። የአሜሪካ ማግኔትሮን ባለ 8፣ የእንግሊዙ ባለ 6 ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ገንዘብ ማን ያውጣ? በኅዳር 1940 ቦስተን አጠገብ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ፣ ሥራው እንዳይታወቅ በማሰብ፣ የጨረር ላቦራቶሪ የሚል ስም የተሰጠው ማዕከል ተከፈተ። የመንግሥቱ በጀት ሲዘገይ ተቋሙ 500,000 ዶላር እንዲያስይዝ ተደረገ፤ ሌላውን 500,000 ሉሚስ ከጆን ሮክፌለር ልጅ ዋስትና አገኙ። ካናዳ ውስጥም እንዲሁ ነው። የኢተንና የብሮንፍማን ቤተሰቦችን የመሰሉ ባለጸጎች ለጦርነቱ ምርምር ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ፤ ተመራማሪዎቹም የገና አባት ፈንድ አሉት። መንግሥታት ፈርመው ሳይጨርሱ ነጋዴዎች ኪሳቸውን መክፈታቸው ዛሬ ለሚሰማው ግር ይላል፤ ያኔ ግን ሥራውን ከመቆም ያዳነው ይኸው ነው።

ፍሬው ለመታየት ብዙ አልቆየም። የቦስተኑ ላቦራቶሪ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ይዞ 100 ያህል ዓይነት ራዳር ነደፈ። በ1943 ጸደይ ባለ 10 ሴንቲሜትር ራዳር የያዙ አውሮፕላኖች አትላንቲክ ላይ ሲያንዣብቡ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የያዙት የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለረጅም ሞገድ የተሠራ ስለነበር የሚያሳድዳቸውን አልሰማም። በዚያ ግንቦት ብቻ 41 ያህል ሰርጓጅ ጠፍቶ አድሚራል ዶኒትስ የቀሩትን ከሰሜን አትላንቲክ ለመመለስ ተገደዱ። ራሱን የሚያፈነዳው ጥይትም ከእንግሊዝ በንድፍ ሄዶ አሜሪካ ውስጥ 22 ሚሊዮን ያህል ማፈንጃ ተመረተለት።

ይህ ሁሉ የቲዛርድን ፍርድ ያጸድቃል። ጉዳዩ አቶም ላይ ሲደርስ ግን መልኩ ሌላ ነው።

የአቶም ቦምብ በተግባር ሊሠራ እንደሚችል መጀመሪያ በስሌት ያሳዩት ከናዚ ሸሽተው በርሚንግሃም የገቡት ኦቶ ፍሪሽና ሩዶልፍ ፓየርልስ ናቸው፤ ማስታወሻቸው የተጻፈው በመጋቢት 1940 ነው። በጥቅምት 1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለቸርችል ጽፈው አብረን እንሥራ ሲሉ ቀዳሚዋ እንግሊዝ ነበረች። ጥያቄው ግን ቀዝቀዝ ያለ መልስ አገኘ፤ ሎንደን ብቻዬን እችላለሁ ብላ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። አሜሪካ ገንዘቧን ስታፈስ በሐምሌ 1942 ሚኒስትሩ ጆን አንደርሰን ለቸርችል ሲጽፉ፣ የቀዳሚነታችን ዋጋ በየቀኑ እየቀነሰ ስለሆነ ቶሎ እንዋሃድ አሉ። ደጅ ጠኚዋ አሁን እንግሊዝ ሆነች። በጥር 1943 አሜሪካኖቹ መረጃውን ቆጥረው መስጠት ጀመሩ።

በነሐሴ 1943 ኩቤክ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ ከጦርነቱ በኋላ ከአቶም የሚገኘውን የኢንዱስትሪ ጥቅም በተመለከተ የእንግሊዝን ድርሻ እንዲወስኑ የተወው ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ነው፤ ምክንያቱም ወጪው በአብዛኛው የአሜሪካ ነበር። ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ለፈጀ ሥራ ሐሳብ ያመጣ ወገን እንዲህ ያለ ውል መፈረሙ የከፋዩን አቅም ያሳያል። እሱም ቢሆን አልዘለቀም። በነሐሴ 1946 የወጣው የማክማሆን ሕግ የአቶም ምሥጢርን ለውጭ መንግሥት መስጠትን ከለከለ፤ ወዳጅም ቢሆን። እንግሊዝ ሁሉንም እንደ አዲስ በራሷ ወጪ ሠርታ ቦምቧን በጥቅምት 1952 አውስትራሊያ አጠገብ አፈነዳች። በሩ እንደገና የተከፈተው በሐምሌ 1958 በተፈረመ ስምምነት ነው።

ከዚህ በኋላ ተባባሪዎቹ ሒሳቡን በቅድሚያ ወረቀት ላይ ማስፈር ለመዱ። በ1968 ዴንማርክ፣ ጣሊያን፣ ኖርዌይና አሜሪካ ከመርከብ የሚተኮስ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል በጋራ ለመሥራት ስምምነት ፈረሙ። በ1985 ደግሞ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ሴናተር ሳም ነን የኔቶ አገሮች የጦር መሣሪያ ምርምር በጋራ እንዲካሄድ በጀት የሚመድብ ድንጋጌ አስወጡ። ድንጋጌው ሁለት ማሰሪያ አለው። የሚመደበው ገንዘብ ከውጭ መንግሥት ወይም ኩባንያ ዕቃና አገልግሎት መግዣ አይሆንም። አጋሩ አገርም ከአሜሪካ በእርዳታም ሆነ በብድር ያገኘውን ገንዘብ መልሶ የራሴ መዋጮ ነው ብሎ ማስቆጠር አይችልም። የቲዛርድ ሳጥን ባሕር የተሻገረው ይህን የመሰለ ወረቀት ሳይኖር ነበር።