የፈሰሰውን ደም መመዘን

በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኒው ዮርክ የሕክምና አካዳሚ ብዙ አቧራ ያስነሳ ሪፖርት አወጣ። ከ1930 እስከ 1932 በከተማይቱ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሞቱ የ2,041 ሴቶች ጉዳይ አንድ በአንድ ተመርምሮ ነበር። ከሦስቱ ሞት ሁለቱን ያህል ማዳን ይቻል እንደነበር ታወቀ። ጥፋቱን ሁሉ ባልተማሩ አዋላጆች ላይ መጣል በተለመደበት ዘመን፣ ሪፖርቱ በእነሱ ላይ ያሳረፈው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነበር፤ የሚበዛው የወደቀው በሠለጠኑት ሐኪሞች ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የዘጠና ዓመት ታሪክ አንድ ነገር ያስረዳል። እናቶችን ከሞት የሚታደገው የመድኃኒት መገኘት ብቻ አይደለም። አንድ ግዛት በሙሉ እያንዳንዷን ሟች «ለምን ሞተች?» ብሎ ሲጠይቅና ያገኘውን መልስ በየማዋለጃ ክፍሉ ሥራ ላይ ሲያውል ነው ሞቱ የሚቀንሰው።

ጥያቄው በመንግሥት ደረጃ መነሣት የጀመረው ከሪፖርቱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። በ1912 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሕፃናት ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም ጁሊያ ላትሮፕን ሾመ፤ በዚያች አገር የፌዴራል ቢሮ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሕጉ የሰጣቸው ሥልጣን መመርመርና ማሳወቅ ብቻ ስለነበረ ሥራቸውን በመቁጠር ጀመሩ። ሠራተኞቻቸው በፔንሲልቬንያ በምትገኘው በጆንስታውን ቤት ለቤት ዞረው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተወለዱትን ሕፃናት ዕጣ ተከታተሉ። የአባት ገቢ ባነሰ ቁጥር የሕፃናቱ ሞት እንደሚበዛ በቁጥር አሳዩ። ከዚህ ዓይነቱ ማስረጃ በ1921 የሸፐርድ-ታውነር ሕግ ተወለደ። ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ የምክር ቤት አባላትም ድምፃቸውን ይፈሩ ነበር። ሕጉ ገንዘብ ለሚያዋጡ ግዛቶች የፌዴራል ድጎማ ይሰጥ ነበር። በዚህ ገንዘብ የእርግዝና ክትትል ጣቢያዎች ተከፈቱ፣ ነርሶች ገጠር ድረስ ሄደው እናቶችን ጎበኙ፣ የልምድ አዋላጆች ሥልጠና አገኙ። ማሳቹሴትስ፣ ኮነቲከትና ኢሊኖይ ግን አንቀበልም አሉ። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበርም መንግሥት በሐኪሙ ሥራ ጣልቃ ገባ ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራከረ። በ1929 ሕጉ ሳይታደስ ቀረ። ይህ በአገሪቱ የእናቶች ጤና ታሪክ ከተፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል፤ የኒው ዮርኮቹ መርማሪዎች መቁጠር የጀመሩት ሕጉ በሞተ ማግሥት ነውና።

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ሊያቆመኝ ይችላል። የእናቶች ሞት በአሜሪካም በአውሮፓም እንደ ገደል የወረደው ከ1937 አካባቢ ጀምሮ ነው። ምክንያቱም ኮሚቴ ሳይሆን ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት፣ ቀጥሎም ፔኒሲሊንና የደም ባንክ ናቸው። ክርክሩ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ፣ መድኃኒቱም ደሙም ባለበት፣ የአሜሪካ እናቶች ሞት መውረዱን አቆመ። ለጨቅላ ሕፃናትም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ያለ ጊዜው ሊወለድ ለተቃረበ ሕፃን እናቱ የስቴሮይድ መርፌ ብትወስድ ሳንባው እንደሚጠነክር በኒው ዚላንድ የታወቀው በ1972 ነው። ሆኖም መርፌው በአሜሪካ እንዲለመድ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እያለ ሕፃናት ሞተዋል። የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ የታወቀውን ነገር ሁሉም ሆስፒታል በየቀኑ ለሁሉም እናት እንዲያደርግ የሚያስገድድ አሠራር ነበር።

ያንን አሠራር በግዛት ደረጃ የገነባችው ካሊፎርኒያ ናት። ያኔ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ይወለዱባት የነበረችው ይህች ግዛት በ1997 የጨቅላ ሕፃናት ማቆያ ክፍሎቿን በአንድ ኅብረት አሰባስባ የስቴሮይዱን መርፌ ከመጀመሪያ ሥራዎቿ አንዱ አደረገችው። በ2006 ደግሞ ተመሳሳይ ኅብረት ለእናቶች ተቋቋመ፤ መቀመጫው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ባልደረባው የግዛቲቱ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት። በዚያው ዓመት የሟች እናቶችን የሕክምና መዝገብ አንድ በአንድ የሚያነብ ኮሚቴ ሥራ ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ ሊድን ይችል የነበረ ሆኖ የተገኘው በደም መፍሰስና በእርግዝና ደም ግፊት የመጣው ሞት ነው። በተደጋጋሚ የታየው ጥፋትም ቀላል ነበር፦ መዘግየት። የፈሰሰው ደም በዓይን ይገመታል፤ ዓይን ደግሞ ብዙ ደም ሲሆን አሳንሶ ያያል። አዋላጇ ደነገጠች እንዳትባል ትጠብቃለች፣ ሐኪሙ ይጠራል፣ መድኃኒቱ ከሌላ ፎቅ ይመጣል፣ የደም ባንኩ ወረቀት ይጠይቃል። እንዲህ እየሆነ ሴትየዋ ታልቃለች።

በ2010 የወጣው የደም መፍሰስ መመሪያ የዚህን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ፈታ። ደም የጠጣው ጨርቅ ሁሉ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የደረቁ ጨርቅ ክብደት ሲቀነስ የቀረው እያንዳንዱ ግራም ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ይጠጋል። የሚያስፈልገው መድኃኒትና መሣሪያ ሁሉ በጎማ በሚሄድ አንድ ጋሪ ላይ ተሰናድቶ ማዋለጃው አጠገብ ይቁም። ቁጥሩ የተወሰነውን መጠን ሲያልፍ ነርሷ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ትጥራ። ደም ባንኩ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ደም ይላክ። ቡድኑ በሰላሙ ቀን እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ይለማመድ። ለደም ግፊቱም በኋላ እንዲሁ ተደረገ፦ አደገኛ ከሆነው ልክ ላይ የደረሰ ግፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታከም። በዚያው በ2010 የወጣ ሌላ መመሪያ ደግሞ የሕክምና ምክንያት ሳይኖር ከ39ኛው ሳምንት በፊት ቀጠሮ ይዞ ማዋለድን ከለከለ፤ ለሐኪምና ለቤተሰብ ይመቻል ተብሎ ብቻ ስንት ሕፃን ያለ ጊዜው ተወልዶ ማቆያ ክፍል ገብቷል። ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ግኝት የሚባል የለም፤ ሚዛን በየጓዳው አለ። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ በ2006 ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 16.9 የነበረው የካሊፎርኒያ እናቶች ሞት በ2013 ወደ 7.3 ወረደ። በዚያው ጊዜ የመላ አገሪቱ ቁጥር ከ13.3 ወደ 22 ወጣ።

አንዳንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በዚህ ንጽጽር ላይ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። የአሜሪካ ግዛቶች ከ2003 ጀምሮ ተራ በተራ በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ስለ እርግዝና የሚጠይቅ ሣጥን ጨምረዋል። ስለዚህ የአገሪቱ ቁጥር ከፊሉ የወጣው ሞት ስለበዛ ሳይሆን መዝገቡ ስለተለወጠ ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ እኔም የምመረኮዘው በሌላ ማስረጃ ላይ ነው። በደም መፍሰሱ ፕሮግራም የተሳተፉ 99 ሆስፒታሎች ካልተሳተፉ 48 ሆስፒታሎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ደም ከፈሰሳቸው እናቶች መካከል ለከባድ ጉዳት የተዳረጉት በመጀመሪያዎቹ በ20.8 በመቶ ሲቀንሱ በሁለተኞቹ የቀነሱት በ1.2 በመቶ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሞት ወረቀት ሣጥን የለም። መመሪያ ሐኪምን ማሽን ያደርገዋል የሚለው ቅሬታም፣ ሸፐርድ-ታውነርን የገደለው ክርክር የልጅ ልጅ ነው። ሐኪሙ ብቻውን በራሱ ግምት የሠራበት ዘመን ምን እንዳመጣ የኒው ዮርኩ ሪፖርት መዝግቦታል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ሞቱ በግማሽ ሲቀንስም፣ በካሊፎርኒያ ጥቁር እናቶች ከነጮቹ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይሞቱ ነበር። ልዩነቱ ሀብትና ትምህርት ስለጨመረ አልጠፋም። ሚዛኑ ደሙን ይመዝናል፤ «ትንፋሽ አጠረኝ» ያለችን ሴት አምኖ የሚሰማ ጆሮ ግን አይሠራም። በሎስ አንጀለስና በኦክላንድ የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን እናቶችም ወደ እነዚሁ ማዋለጃ ክፍሎች ነው የሚገቡት። ይህ ጉድለት ግን ፕሮግራሙን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ምርመራውን ከደሙ አልፎ እስከ አያያዙ ድረስ ለመግፋት ያስገድዳል እንጂ። የሚቀረው ሥራም ብዙ ነው፦ የ36 የአሜሪካ ግዛቶች ኮሚቴዎች ከ2017 እስከ 2019 የደረሰውን የእናቶች ሞት መርምረው ከ80 በመቶ በላይ የሆነውን ማስቀረት ይቻል ነበር ብለዋል።

የአራስ መቃብር አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል የሚል አባባል ባለበት አገር ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ ወሊድ 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016ቱ ጥናት 412 ሆኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ከ2013 ጀምሮም የእናቶችን ሞት የሚቆጥርና መንስኤውን የሚመረምር ሥርዓት ተዘርግቷል። ቤት ውስጥ የሞተችን ሴት ግን ጎረቤት ካልተናገረ መዝገቡ አያውቃትም። ምርመራው የሟችን ስም ለማውጣት ወይም ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ ቀጣይዋ ነፍሰ ጡር በዚያው መንገድ እንዳትሄድ ነው። በሰፈርዎ በእርግዝና፣ በምጥ ወይም ከወለደች በ42 ቀን ውስጥ የሞተች ሴት ካለች፣ እባክዎ በቅርብዎ ላለው ጤና ጣቢያ ወይም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገሩ።