ኤስ ካፌ፦ የለንደን ሞተረኞች መገናኛ

በብሪታንያ የሞተር ሳይክል ወዳጆች እርስ በርስ ተፈላልገው በኅብረት የመንዳት ልማዳቸው ዕድሜው ከሞተሩ ብዙም አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተው ሞተር ሳይክሊንግ ክለብ በ1904 አባላቱን ከለንደን እስከ ኤድንብራ ያስጓዘ ሲሆን (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በቀጣዮቹ ዓመታትም በየከተማው መሰል ክበባት ተቋቁመዋል። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመጣው ወጣት ሠራተኛ ብጤውን ያገናኘው ከአባልነት መታወቂያ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበር፤ ከእነዚህም ስሙ እጅግ የገነነው ኤስ ካፌ ነው።

ኤስ ካፌ በ1938 በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ ኖርዝ ሰርኩላር በተባለው ቀለበት መንገድ ዳር የተከፈተው የጭነት መኪና ሾፌሮችን ለማስተናገድ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በአየር ድብደባ ፈርሶ በ1949 እንደገና ሲሠራ ግን አዲስ ደንበኛ ጠበቀው። ወጣቱ ደመወዝ ማግኘት፣ በዱቤ ሽያጭ ማለትም ዋጋውን በየወሩ እየከፈለ ትራያምፍ፣ ቢ.ኤስ.ኤ. ወይም ኖርተን የተባሉትን ሞተር ሳይክሎች መግዛት ጀምሮ ነበር፤ መጠጥ ቤቶች በሕግ በጊዜ ስለሚዘጉ፣ በየቤቱም ስልክ ስላልነበረ፣ ቀጠሮ ሳይዝ ጓደኛ ለማግኘት የሚሻ ሁሉ የሚያመራው ወደዚህ ሻይ ቤት ነበር።

ስለ ኤስ ካፌ ሲነሣ ዘወትር የሚተረከው፣ ሳንቲም ተጨምሮበት ዘፈን በሚያጫውተው ጁክቦክስ ሸክላ አስነሥቶ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ እስከ ተወሰነ ቦታ ደርሶ የመመለስ እሽቅድምድም ነው። ይህ ትረካ ብዙ ተጋንኗል፤ የቦታውን ፋይዳ በይበልጥ የሚያሳየው በሞተር ማቆሚያው ይካሄድ የነበረው የዕውቀት ልውውጥ ነው። «ካፌ ሬሰር» የተባለው፣ ለፍጥነት ሲባል ትርፍ ዕቃው ተነቅሎ፣ መሪው ዝቅ ብሎ፣ መቀመጫው ወደ ኋላ የተገፋ የሞተር ዓይነት የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው «ትራይተን» በጥንካሬው በተመሰከረለት የኖርተን ሻንሲ ላይ የትራያምፍ ሞተር ተገጥሞ የሚሠራ ነበር፤ ይህን በፋብሪካ ያልተሠራ ቅንጅት ለመገጣጠም ደግሞ ቀድሞ የሞከረን ሰው ማግኘት ትልቅ ዕርዳታ ነበር።

በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መድረስን እንደ ማዕረግ የሚቆጥሩትን እነዚህን ወጣቶች ጋዜጦች በክፉ ሲያነሡ፣ ቀርበው ካዩአቸው ጥቂቶች አንዱ አንግሊካዊው ቄስ ዊልያም ሸርጎልድ ናቸው። ቄሱ ራሳቸው ሞተረኛ ስለነበሩ፣ በ1962 የክህነት ኮሌታቸውን በአንገት ልብስ ሸፍነው፣ ሞተረኞችን ለጸሎት የሚጠራ ማስታወቂያ ይዘው፣ እየፈሩ ወደ ኤስ ካፌ ሄዱ፤ የጠበቃቸው ግን መልካም አቀባበል ነበር። በምሥራቅ ለንደን በ1959 የተመሠረተው «59 ክለብ» የተባለው የወጣቶች ማዕከልም ከዚያ ወዲህ በሸርጎልድ አነሣሽነት የሞተረኞች ክፍል አቋቁሞ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላትን አፈራ። ሻይ ቤቱ ያገናኘውን ወጣት ሳይነቅፍ ተቀብሎ፣ ቋሚ ምሽትና የጋራ ጉዞ የሰጠው ይህ ክበብ ስለሆነ፣ የሸርጎልድ ድርሻ ከማንኛውም የፍጥነት ዝና በላይ ሊወሳ ይገባል።

በ1964 «ሮከርስ» የሚባሉት ሞተረኞች ስኩተር ከሚነዱት «ሞድስ» ጋር እንደ ብራይተን ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች መጋጨታቸው የሕዝቡን ጥርጣሬ አባባሰ። ርካሽ መኪና ሲበራከት ሞተር ገዢው እየሳሳ ሄደ፤ ኤስ ካፌም በ1969 ተዘጋ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ የቀድሞ ደንበኞችና ወጣት ሞተረኞች በብዛት የተገኙበት የመታሰቢያ ስብሰባ ተደረገ፤ በ2001 ቤቱ ሙሉ በሙሉ ታድሶ ተከፈተ፤ ዛሬም ለየሞተር ዓይነቱ ወዳጆች የመገናኛ ምሽት እየመደበ፣ በመስከረም ወር ወደ ብራይተን የሚደረገውን ዓመታዊ የጋራ ጉዞ ያዘጋጃል።