በጣና ዳር የተወጋገዙ ክርስቲያኖች

በ17ኛው መቶ ዓመት በጣና ዙሪያ ክርስቲያንን ከክርስቲያን የለየው ጠብ መነሻው የክርስቶስ ባሕርይ ነገር ነበር። ጠቡን ያመረቀዘው ግን አንዱ ወገን የሌላውን ጥምቀትና ክህነት ከንቱ ነው ማለቱ ነው።

ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገባ (የሚከተሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ግእዝና አማርኛ ተምሮ፣ ሳይቸኩል የመኳንንቱን ልብ ሳበ። እሱ አሠራው የሚባል አሮጌ ግንብ በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ ይገኛል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉት ፓኤዝ በሞተበት በ1622 ነው። ሕዝቡ ግን ከዚያ በፊትም ቢሆን ተከፍሎ ነበር። የካቶሊክን እምነት የተቀበሉትን ያወገዙት የኢትዮጵያ ጳጳስ አቡነ ስምዖን በ1617 በጦር ሜዳ ተገድለዋል።

ፓኤዝን የተካው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፣ ታቦታቱም እንደ ገና እንዲባረኩ አዘዘ። ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ተከለከሉ። ትእዛዙ ለአንድ የጎጃም ወይም የደምቢያ ገበሬ ምን ማለት እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። አባቶቹ ሳይጠመቁ ሞተዋል፣ የቈረበውም ቍርባን አልነበረም ማለት ነበር። ከሊቃውንቱ ክርክር ይልቅ ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣሣው ይህ ንቀት ይመስላል።

የተቃውሞው መጠጊያ ሐይቁ ነበር። የመኳንንት ልጅ የሆነችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏ መልክአ ክርስቶስ አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ዘመቻ ስለ ተካፈለ ትታው መነኰሰች። የፈረንጆችን ሃይማኖት የተቀበለውን ንጉሥ ስም በቅዳሴ ላይ እንዳይጠሩ ሕዝቡን መከረች፤ ለዚህ ጽናቷም ተጋዘች። ዘጌን ጨምሮ በየስፍራው 7 ማኅበራትን አቋቁማ በ1642 ዐረፈች። ገድሏ በ1672 ተጻፈ፤ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ያለችው ቋራጣም በስሟ የታወቀች ገዳም ሆነች። ድፍረቷ የሚያስደንቅ ነው። የእሷ ወገንም ቢሆን ግን በሌላው ላይ በሩን ዘጋ፤ ሜንዴዝ የሀገሬውን ቍርባን እንዳልተቀበለ ሁሉ እነሱም የእሱን አልተቀበሉም።

በ1632 ወይና ደጋ ላይ ከዐመፀኞቹ ጋር በተደረገው ጦርነት ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። በ1638 ደግሞ ካፑቺን የተባሉ ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቀሉ።

ድል ያደረገው ወገን ግን ብዙ ሳይቆይ እርስ በርሱ ተካፈለ። ከኢየሱሳውያን ጋር በተደረገው ክርክር የተነሣ አንድ ጥያቄ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር፤ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው? በጎጃም፣ የኤዎስጣቴዎስ ቤት በሚባሉት መነኮሳት ዘንድ፣ ሥጋ በቅብዐት ከበረ የሚሉት በረቱ፤ ስማቸውም «ቅባቶች» ተባለ። በተዋሕዶ ከበረ የሚሉት ተቃወሟቸው። ከደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ «ሦስት ልደት» የሚባለው የጸጋ ትምህርት ወጣ። ነገሥታቱ ጉባኤ እየጠሩ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ፈረዱ፤ በፈረዱ ቍጥርም ተሸናፊው ይወገዝ፣ ይሰደድ ነበር። ቅባቶችን ይደግፉ በነበሩት በዐፄ ዳዊት 3ኛ ዘመን (1716–1721) ብዙ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጎንደር ውስጥ ተገድለዋል። እነዚህ አንድ ዓይነት ጾም የሚጾሙ፣ በአንድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ፈረዱ፤ አልመለስም ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቈረጠ ነበሩ። ፍርዱ የመንግሥትን ደጋፊነት ከቅባትና ከጸጋ ነሣ እንጂ ወገንነቱን አላጠፋውም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይ በደብረ ወርቅ አካባቢ፣ የቅባት ትምህርት እስከ ዘመናችን ድረስ ተከታዮች አሉት።