ከደቀ መዝሙሩ እጅ የተቀበሉ መምህር

ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተጓዙ የሐይቅ ውኃ ከኮረብቶች መካከል ብልጭ ይላል። በውኃው ውስጥ ዛፍ የሸፈናት አንዲት ምድር ትታያለች። ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዛለች፤ ጥንት ግን ዙሪያዋን ውኃ የከበባት ደሴት ነበረች። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚህች ምድር ላይ ነው። በ13ኛው ምእተ ዓመት በዚህ ቦታ ተፈጸመ ተብሎ የሚነገር አንድ ነገር አለ። አንድ ታላቅ መምህር ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ራሳቸው ባስተማሩት ደቀ መዝሙር ፊት ዝቅ ብለው የምንኩስናን አስኬማ ተቀበሉ ይባላል። ይህን ታሪክ ባሰብሁት ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

መምህሩ አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። የተወለዱት በዳህና ምድር ነው። ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ጸሎትንና ትምህርትን ተማሩ። በ1240ዎቹ መጨረሻ ገደማ (እ.ኤ.አ.) ወደ ሐይቅ መጥተው ወንበር ዘረጉ። ለአምሐራና ለሸዋ ልጆች የትግራይ ገዳማት ሩቅ ነበሩና ሐይቅ የቅርብ ምንጭ ሆነላቸው። አባ ኢየሱስ ሞዓ እስካረፉበት እስከ 1292 ገደማ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያ ኖሩ። መጽሐፍም አጻፉ። በእርሳቸው ትእዛዝ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ለዘመናት በገዳሙ ተጠብቆ ኖሯል፤ በውስጡም የመምህሩ ሥዕል ይገኛል።

ወደዚህ ወንበር ከመጡት አንዱ የሸዋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሐይቁ መምህር እግር ሥር ዓመታትን አሳልፈው፥ ከዚያ መምህራቸው ወዳደጉበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ልብ እንበል፤ ደቀ መዝሙሩ አሁን የመምህሩ መምህር ዘንድ ደረሱ ማለት ነው። አንድ ምንጭ የጠጣ ሰው ውኃው ከየት እንደሚነሣ ለማየት ሽቅብ እንደሚወጣ ያለ ጉዞ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ አይወጣም፤ በገመድ ካልሆነም አይወረድም። ጻድቁ ሲወርዱ ገመዱ ቢበጠስ ስድስት ክንፍ ተሰጣቸው የሚለውን ትውፊት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስናየው አድገናል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

በደብረ ሊባኖስ ትውፊት መሠረት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስኬማን የተቀበሉት በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ነው። ወደ ሐይቅ በተመለሱ ጊዜ መምህራቸው አባ ኢየሱስ ሞዓ ያን መዓርግ ከእርሳቸው ተቀበሉ። አባት ከልጁ ተቀበለ ማለት ነው። በዘመን ስሌት ሁለቱ በዕድሜ ብዙ የሚራራቁ አይመስሉም፤ በመንፈሳዊ ቤት ግን አባትነትና ልጅነት የሚለካው በልደት ቀን ሳይሆን ማን ከማን ተማረ በሚለው ነው። እንግዲህ እኚያ መምህር ያን ጊዜ በዕድሜ ሳይገፉ አልቀሩም። የብዙዎች አባት፥ የታወቀ ወንበር ባለቤት ነበሩ። ከልጃቸው ባይቀበሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

ይህ ታሪክ በሁሉም ዘንድ እኩል ተቀባይነት የለውም። የሐይቅ ትውፊት የሚያጎላው አቡነ ተክለ ሃይማኖት የኢየሱስ ሞዓ ልጅ መሆናቸውን ነው። ሁለቱ ገዳማት በአገሪቱ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ነበራቸው፤ የሐይቁ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት፥ የደብረ ሊባኖሱም እጨጌ ይባል ነበር። ገድሎቹ የተጻፉት ከቅዱሳኑ ዕረፍት ብዙ ቆይቶ ስለ ሆነ፥ ማን ለማን አስኬማ ሰጠ የሚለው ነገር የትኛው ገዳም ይበልጣል ከሚለው ክርክር ተለይቶ አይታይም። የታሪክ ተመራማሪ ይህን መመርመሩ ተገቢ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ክርክሩ ሁሉ የቆመው መስጠት ክብር፥ መቀበል ደግሞ ማነስ ነው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ታሪኩ ራሱ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። በጥምቀት ዕለት በየዓመቱ የምናከብረው ምንድን ነው? ጌታ በባሪያው እጅ መጠመቁን አይደለምን? ዮሐንስ እንኳ ነገሩ ከብዶት ወደ ኋላ ብሎ ነበር። ከሚያንስ እጅ መቀበል ውርደት ቢሆን ኖሮ ያን በዓል በእልልታ ባላከበርነው ነበር።

በእኛ አገር ሽማግሌ ይመክራል እንጂ አይመከርም የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። ስለ ልጅ ስንተርትም «ከልጅ ጋር አትጫወት፥ ይወጋሃል በእንጨት» እንላለን። ስለዚህ ብዙ ሰው ሲያረጅ የሚያውቀውን ይዞ በሩን ይዘጋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ግን ያስተማሩት ልጅ እርሳቸው ያልያዙትን ይዞ ሲመጣ በሩን ከፍተው ተቀበሉት። የመምህርነታቸው የመጨረሻው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ በቃል ሳይሆን ዝቅ በማለት የተሰጠ ትምህርት።

አሁን ልቤን የሚነካኝን ልናገር። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በተቀጠርሁበት ዓመት ከአጠገቤ በነበረው መስኮት አንድ አዛውንት ይሠሩ ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ብር መቁጠርን፥ ፊርማ ማመሳከርን፥ የቀኑን ሂሳብ መዝጋትን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። አንድ ማታ ገንዘብ ጎደለብኝ። ሌላው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እርሳቸው ካፖርታቸውን መልሰው ሰቅለው ከጎኔ ተቀመጡ። «ምንም አይደል ልጄ፤ ከመጀመሪያው እንቁጠረው» አሉኝ። ስሕተቱን ስናገኘው መንገዱ ጨልሞ ነበር። ስለዚያች ማታ ለማንም አልተናገሩም።

ዓመታት አለፉ። በእጅ የሚሞላው መዝገብ ቀርቶ ኮምፒውተር በየጠረጴዛው ተቀመጠ። ነገሩ ለእኔ ቀለለኝ፤ ለእርሳቸው ግን ከበዳቸው። ወንበራቸውን ወደ እኔ እያስጠጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ቀን ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። እኔም «ጋሼ፥ ትናንት አሳይቼዎት አልነበረም?» አልሁ፤ ሰው እየሰማ። «እውነትህን ነው» ብለው ወንበራቸውን ወደ ቦታው መለሱ። ጡረታ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ ዳግመኛ ምንም አልጠየቁኝም።

ለረጅም ጊዜ ነገሩን የእርሳቸው ድካም አድርጌ ቆጥሬው ነበር። የሐይቁን ታሪክ ሳነብ ግን ገባኝ። እኚያ ሰው የአባ ኢየሱስ ሞዓን ድርሻ ፈጽመዋል፤ ካስተማሩት ልጅ ለመቀበል ዝቅ ብለዋል። የጎደለው የደቀ መዝሙሩ ድርሻ ነበር። ሽማግሌ ከልጅ እንዲቀበል ልጁም አሰጣጡን ማወቅ አለበት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስኬማውን ይዘው በመምህራቸው ፊት ሲቆሙ እንዴት ሰጥተው ይሆን? ትውፊቱ ዝርዝሩን አይነግረንም። እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ የቀረ አይመስለኝም።

ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዓ መታሰቢያ ነው። ዕለቱ በደረሰ ቁጥር ወደኋላ የተመለሰችው ያች ወንበር ትዝ ትለኛለች። ዛሬ አዲስ ተቀጣሪዎች ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱም ከእኔ የተሻለ ያውቃልና እኔም እጠይቀዋለሁ። ሰው ያንኑ ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ፥ ገና መጀመሪያ እንደ ተጠየቅሁ ሆኜ እመልሳለሁ። «ምንም አይደል፤ ከመጀመሪያው እንየው» እላለሁ። ቃሉ የእኔ አይደለም። ዕዳው የጋሼ ነበር፤ ለሌሎች እየከፈልሁት ነው።